እንግዶቹ የማይሰሙት አማርኛ

የውጭ አገር ሉተራውያን ልዑካንን የያዘ መኪና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እንግዶቹ ሹራባቸውን ያወልቃሉ። ከዚያ እስከ አጣዬ ያለው የይፋት ቆላ፣ ግራ ቀኙ ማሾና ማሽላ የሚዘራበት፣ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ዋናው ክፍል ነው። እንግዶቹ ከኋላ ሆነው በመስኮት ያያሉ። ከፊት የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወደ አስተርጓሚው ዞር ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የጣሪያውን ነገር ዛሬ እንዳታነሳ፤ ሰዎቹ የመጡት ስለ ውሃው ነው» ይሉታል። አጣዬ ምሳ ተበልቶ ወደ ከሚሴና ወደ ኮምቦልቻ ጉዞ ሲቀጥል ነገሩ ተቆርጧል። ስብሰባው ላይ የሚነበበው አጀንዳ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በጆሯችሁ ልንገራችሁ። በእኛ ማኅበረ ምእመናንና በውጭ አገር ሉተራውያን መካከል ያለው ወዳጅነት የሚደክመው በክፋት አይደለም፤ በመተዛዘን ነው። እኛ ይሰጣሉ ብለን የምናስበውን ብቻ እንጠይቃለን። እነሱም ቅር እንዳያሰኙን የተጠየቁትን ብቻ ይሰጣሉ። ፎቶ እንነሳለን፣ እንሳሳማለን፣ የልባችንን ሳንነጋገር እንለያያለን።

ልብን አውጥቶ መናገር ግን ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1964 ዓ.ም.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጄኔቫ ለሚገኘው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውሃ ገንዘብ ይመጣል፤ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ሲሆን ግን እጅ ያጥራል። መስፈርቱ የተጻፈው እዚያ፣ በሰጪዎቹ አገር ነው። ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ የከፈለውም ያ መስፈርት እንጂ የእኛ ሰው አኗኗር አይደለም። ደብዳቤው ሳጥን ውስጥ አልቀረም። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ምክክር ተደረገ። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የምታዩት «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚለው አነጋገር ሥሩ እዚያ ነው።

ጉዲና ከደርግ እስር በተፈቱ ጊዜ ከአገር እንዲወጡ ወዳጆቻቸው ለምነዋቸው ነበር። ምእመናኔን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ደርግ አፍኖ ገደላቸው፤ አጽማቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ለሰጪ እንዲያ ፊት ለፊት የጻፈ ሰው፣ ወዳጆቹ የለመኑትን የመውጫ መንገድ ያልተጠቀመበት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ቅጹን ላሳያችሁ። የፕሮጀክት ቅጽ ላይ የተጠቃሚዎች ቁጥር፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ ማረጋገጫ የሚሉ ዓምዶች አሉ። አንድ ወንጌላዊ በቆላው መንደር ለመንደር በእግሩ እየዞረ የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሐዘን ቤት ያድራል። ይህ ሰው የትኛውም ዓምድ ውስጥ አይገባም። ስም አልጠራም እንጂ «የኅብረተሰብ አንቂ» ተብሎ በጓሮ በር ሲገባ አይቻለሁ። በሪፖርቱ ስንት ስብሰባ እንደመራ ይጻፋል፤ ሐዘን ቤት ማደሩ አይጻፍም። እዚያ ማዶ፣ በሰጪዎቹ አገር ያሉት አሮጊት፣ በየወሩ ከጡረታቸው ቀንሰው የሚልኩት፣ ቢያውቁ ደስ የሚላቸው ግን ይኸው ማደሩ ነበር። አግኝቻቸው ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።

ሌላም በሹክሹክታ ብቻ የሚነሳ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ሉተራን ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ወሎ ሲገባ ይህ የአጣዬ መንገድ መንገዱ ነበር። ያ ሚሲዮን የወጣበት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1988 ከሌሎች ጋር ተዋሕዳ በአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሆነች። በጥር 2005 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ ከዚህችው ቤተ ክርስቲያንና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረው ኅብረት እንዲቋረጥ አጸደቀ። ምክንያቱ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በተመለከተ የወሰዱት ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ የጌታን እራት አብሮ መቁረስም፣ መድረክ መለዋወጥም ቀረ።

በዚያ ሰሞን በየኮሪደሩ የሚጠየቀው ስለ በጀት ነበር። ጉባኤው ይህን እያወቀ ወሰነ፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ገንዘብ ያላሰረውን ሕሊና ያሳያል ብዬ አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ ታች የሆነው ነው። ለዓመታት ሲጻጻፉ የኖሩ ሰዎች፣ የልጆቻቸውን ስም የሚያውቁ፣ ለአንዳንዶቹ ደብዳቤው ለምን እንደቆመ እንኳ የነገራቸው የለም። ኅብረት ሲቋረጥ የስንብት ደብዳቤ የመጻፍ ግዴታ በየትኛውም ውሳኔ ላይ አልሰፈረም፤ ሆኖም ክርስቲያን ለክርስቲያን ይህን ያህል ዕዳ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደኝን አሁን ልናገር። ከማዶ የሚመጣው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታና የተላከው ገንዘብ ነው፤ እሱ ይተረጎማል፣ እሑድ ይነበባል፣ ይጨበጨብለታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የራሳቸው ኑሮ አለ፦ መዘምራኑ አርጅተው ተበትነዋል፣ ቄሱ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ደርቦ ይዟል፣ ሕንጻው ሊሸጥ ነው፣ እባካችሁ ጸልዩልን። ይህ ገጽ በብዙ ቦታ አይነበብም። ያለው ሰው ችግር አለበት ብሎ የሚያስብ ስለጠፋ ነው።

ቁጥሩ ግን ይመሰክራል። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ምእመናኗ 20,000 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2000 ከመንግሥት ስትለይ ከ7 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሯት፤ አሁን ከ6 ሚሊዮን በታች ናቸው። የጀርመን ምእመናን ቁጥርም እንዲሁ እየሳሳ ነው። ታዲያ ከሁለቱ ጸሎት የሚያስፈልገው ማን ነው? እኛ ዘንድ ሌሊቱን ሙሉ የሚጸልዩ እናቶች ሞልተዋል፤ ስሙንና ጉዳዩን የሚነግራቸው ብቻ ነው የጠፋው።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል ይህ በቅጹና በልብ መካከል ያለው ርቀት ፍጥጥ ብሎ ታየ። ሱቁ፣ ቤቱ፣ ክምችቱ ነደደ፤ ሕዝቡ ያለውን ጥሎ ሸሸ። ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ራሱ በዚያው መንገድ ወረደ። በእነዚያ ሳምንታት ካየኋቸው መልእክቶች አንዱ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ለምን ዘገየ ይላል። የማዶው በጀት የሚዘጋው በእነሱ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ በሌላ ርዕስ የተያዘ ገንዘብ ለብርድ ልብስና ለዱቄት ይዙር ቢባል በኮሚቴ ማለፍ ነበረበት። ሌላው መልእክት ከአንዲት አሮጊት የመጣ ነው። ስለ ገንዘብ አንድም ቃል የለውም፤ ከዓመታት በፊት በዚያ መንገድ ሲያልፉ ምሳ ያቀረበችላቸውን ልጅ ደህንነት ይጠይቃል። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ማኅበረ ምእመናን ነው። የመጀመሪያውን የጻፈውን ሰው አልወቅሰውም፤ ቅጹ ያዘዘውን ነው የጠየቀው። መልስ የሚገባት ሁለተኛዋ ነበረች፤ መልስ ያገኘው ግን የመጀመሪያው ነው።

ከእኛ ወደ እነሱ የሚደረገው ጉዞም መነሳት አለበት። ከእነሱ ብዙ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ከእኛ አንድ ሰው ከሄደ ብዙ ጊዜ ከጽሕፈት ቤት ነው። ያ ሐዘን ቤት የሚያድረው ወንጌላዊ ተጋብዞ ኤምባሲ ሲቀርብ የባንክ ሂሳብ መግለጫ ይጠየቃል፤ ከምን አምጥቶ? ባዶ ወንበሩ በሞላበት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንዲሰብክና እነዚያን አረጋውያን በየቤታቸው እንዲጠይቅ ከተፈለገ ጋባዦቹ ወጪውንም ዋስትናውንም በደብዳቤ መሸከም አለባቸው። የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የምታዘጋጁ ሽማግሌዎች፣ እንግዶቹ ሲመጡ ይህን በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በስብሰባው ላይ፣ ከውሃ ጉድጓዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ።