በእጅ የሚሠሩ ጌጣጌጦች ሽያጭና ያልተቆጠረው ድካም

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በምሳ ሰዓት፣ በተለይም የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ በዓላት ሲቃረቡ፣ በእጅ የተሠሩ የአንገት ጌጦች፣ ጉትቻዎችና አምባሮች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወሩ ማየት የተለመደ ነው። ሻጮቹ አንዳንዴ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች፣ አንዳንዴም የሠራተኞች እህቶችና ጎረቤቶች ናቸው። ሥራው በጥቂት ገንዘብ የሚጀመርና በቤት ውስጥ የሚከናወን በመሆኑ ለደመወዝ መደጎሚያነት ተመራጭ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ በዓሉ ሲያልፍ ሥራውን የሚያቋርጡት ጥቂት አይደሉም። ለዚህም በቅድሚያ የሚጠቀሰው የገበያ እጦት ቢሆንም፣ ከዚያ የማይተናነሰው ችግር የዋጋ አወጣጥ ነው።

ለአብነት ያህል አንድ የዶቃ የአንገት ጌጥ እንውሰድ። ለዶቃው 180 ብር፣ ለክርና ለመቆለፊያው 60 ብር፣ ለመጠቅለያው 20 ብር፣ መርካቶ ደርሶ ለመመለስ ከወጣው ትራንስፖርት ደግሞ የድርሻው 40 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 300 ብር ይሆናል። ጌጡ በ500 ብር ሲሸጥ ሠሪዋ 200 ብር አተረፍሁ ትላለች። ነገር ግን ጌጡን ለመሥራት አራት ሰዓት፣ ዕቃውን ለመግዛትና ለመሸጥ አንድ ሰዓት ፈጅቶባት ከሆነ የሰዓት ድካሟ ዋጋ 40 ብር ነው። ከ10 ጌጦች ሁለቱ ሳይሸጡ ቢቀሩ ወይም በዱቤ ተወስደው ሳይከፈሉ ቢቀሩ ስሌቱ ከዚህም ይለወጣል። ወጪው 3 ሺህ፣ ገቢው 4 ሺህ፣ ትርፉ 1 ሺህ ብር፣ የፈጀው ጊዜ ደግሞ 50 ሰዓት ያህል ስለሚሆን የአንዱ ሰዓት ዋጋ ወደ 20 ብር ዝቅ ይላል። ይህ ገቢ ለአንዳንዷ ይበቃ ይሆናል። ቡና እየተፈላ የሚሠራ ስለሆነ ድካሙ አይቆጠርም የሚለው አነጋገር ግን ለዚህ ጸሐፊ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም፤ ሌላ ሰው ቀጥራ ብታሠራው ኖሮ ያንኑ ድካም በገንዘብ መክፈሏ አይቀርምና።

በዚህ ላይ የግብዓት ዋጋ መለዋወጥ ይጨመርበታል። ዶቃው፣ ሽቦውና የጉትቻ መንጠቆው በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀደም ሲል በተገዛ ዶቃ ዋጋ የተተመነ ጌጥ ተሸጦ በሚገኘው ገንዘብ ያንኑ ያህል ዶቃ መልሶ መግዛት ላይቻል ይችላል። ስለሆነም ስሌቱ መነሣት ያለበት ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ ሳይሆን ዛሬ ከሚገዛበት ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የገዢ እምነት ነው። በብር ጌጥ ረገድ ይህ እምነት በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። አንጥረኞች መስቀሉን፣ ድሪውንና አልቦውን ይሠሩ የነበረው በአመዛኙ ጠገራ ብር በመባል የሚታወቀውን የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ እያቀለጡ ነበር። በላዩ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ገዢው የጌጡን ጥራት የሚያውቀው ከገንዘቡ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በገበያ ላይ ብር ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ግን መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት ነጭ ብረት ይገኝበታል። ስሙ ብር ቢባልም ብር የለበትም። ማግኔት ሁለቱንም ስለማይስባቸው በማግኔት መለየት አይቻልም፤ አስተማማኙ መንገድ በአንጥረኛ ዘንድ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ማስመርመር ነው። ከዚህም ባሻገር ኒኬል የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ፣ በተለይም የተበሳ ጆሮን የሚያሳክክና የሚያቆስል በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ጋር በሚነካኩ ጌጦች ላይ ገደብ ጥሎበታል። ነጭ ብረት መሸጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ብር ነው ብሎ መሸጡ ነው። በእንጦጦ አካባቢ ከጥይት ቀለህ የሚሠራው ዶቃ የውጭ ገዢ ያገኘው ምን እንደሆነ በግልጽ እየተነገረ ነው።

ስለ ኦፓልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ በስፋት መውጣት የጀመረው ይህ የከበረ ድንጋይ በቀለሙ ጨዋታ ዓለም አቀፍ ዝናን አትርፏል። ሆኖም አብዛኛው ውኃ የመምጠጥ ባሕርይ አለው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙን አጥፍቶ መስተዋት ይመስላል፤ በአየር ቀስ ብሎ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። ሽቶ፣ ዘይትና ማቅለሚያም ስለሚመጥ ሊበላሽ ይችላል። ለማድረቅ ተብሎ እሳት ወይም ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ይህን ሳይነገራት ቀለበቱን የገዛች ሴት እጇን ታጥባ የድንጋዩ ቀለም ሲጠፋ ብታይ የተታለለች ይመስላታል። በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ሁለት መስመር መመሪያ ሻጯን ከዚህ ክስ ያድናታል።

በባሕር ማዶ ለሚኖሩ ወገኖች በፖስታ የሚላክ ጌጥ ላይም ለውጥ ታይቷል። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሚያወጡ ጥቅሎች ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነጻ መብት በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም ለሁሉም አገሮች አቋርጣለች። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠራ ሒሳብ ዋጋ መንገር፣ ዕቃው ሲደርስ ተቀባዩን ያልታሰበ ክፍያ ሊያስጠይቅ ይችላል። ለጎብኚዎች መስቀል የሚሸጡም ቢሆኑ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል መሆኑን ማስታወስ ይኖርባቸዋል። አዲስ መስቀልን ሆን ብሎ አጥቁሮ አሮጌ አስመስሎ መሸጥ ገዢውን ማሳሳት ብቻ ሳይሆን፣ በመውጫ በር ላይ ለጥያቄ መዳረግ ነው። የተሠራበትን ዓመትና የሻጩን ማንነት የሚገልጽ ደረሰኝ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቅማል።

በወረዳና በክፍለ ከተማ ደረጃ ሴቶችን የሚያደራጁ ኃላፊዎች ትኩረታቸው አብዛኛውን ጊዜ በዶቃ አሰካክ ሥልጠናና በበዓል ባዛር ቦታ ላይ ይሆናል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን አሥር ሴቶች አንድ ዓይነት ጉትቻ ይዘው በአንድ ድንኳን ሥር ሲቆሙ እርስ በርስ ዋጋ ከመሰባበር ሌላ አማራጭ አያገኙም። ከሥልጠናው ቀናት አንዱን ለሒሳብ አያያዝ መስጠት፣ ዶቃውንም በጅምላ በጋራ እንዲገዙ ማመቻቸት ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የግብር ጥያቄ ሲነሣም የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም መጨረሻ የተሻሻለ በመሆኑ፣ ቀደም ሲል በእጅ ባሉ በራሪ ጽሑፎች መሠረት ምላሽ ከመስጠት ይልቅ ባለጉዳዮችን ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት መምራት ይገባል። ሠራተኛ የሆኑት ሻጮች በበኩላቸው ጌጡን ከምሳ ሰዓት ውጭ ወደ ቢሮ ይዘው ባይገቡ የተሻለ ነው፤ ተገልጋይ በወረፋ ቆሞ ሳለ ጉትቻ ሲለካ ማየት ያስቆጣልና።