ፍሬን ሲያዝ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

መኪና እንዴት እንደሚሄድ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ እንዴት እንደሚቆም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ድሮ መኪኖች ፍሬን ላጫውታችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ፍሬን ፍጥነትን አያጠፋውም፤ በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። መዳፋችሁን ቶሎ ቶሎ ስታፋትጉት ይሞቅ የለ? ያው ነው። 1000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ ቢቆም 200,000 ጁል ሙቀት ይፈጠራል። ይህ አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 68 ዲግሪ ገደማ ያደርሳል። ቁልቁለት ላይማ ይብሳል! መኪናው በፍሬን ብቻ ተይዞ 100 ሜትር ከፍታ ከወረደ፣ አምስት ጊዜ እንደመቆም ያህል ሙቀት ይወጣል፤ ያውም ፍሬኑ ሳያርፍ።

በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ፍሬኑ የሚጫን እንጨት ነበር። በ1888 ቤርታ ቤንዝ የባለቤቷን የካርል ቤንዝን መኪና ይዛ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ጀርመን አገር ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዳ እንጨቱ ተበላባት። ምን አደረገች መሰላችሁ? መንገድ ላይ ጫማ ሰሪ ፈልጋ ቆዳ አስቸነከረችበት። እኔ በጣም ነው የወደድኳት።

ቀጥሎ ታምቡር መጣ። ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ከበሮ የመሰለ ብረት ነው። አንዳንዶቹ በውጭ በኩል ቀበቶ ይጠመጥሙበት ነበር፤ ጭቃና አቧራ እየገባ ቀበቶውን ቶሎ ይበላዋል። በ1902 ፈረንሳዊው ሉዊ ርኖ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ብረቶችን ታምቡሩ ውስጥ አስገባና ወደ ውጭ እየተገፉ እንዲይዙ አደረገ። አቧራና ዝናብ ቀነሰ። ግን አቧራውን የከለከለው ክዳን ሙቀቱንም አፈነው፤ ድስት ከድነን እንደምናስቀምጠው ማለት ነው።

ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ታምቡሩ ሲሰፋ ከውስጥ ካሉት ብረቶች ይርቃል፣ ሹፌሩም ፔዳሉን ከበፊቱ የበለጠ መርገጥ አለበት። በዚያ ላይ ሸራው በጣም ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ሹፌሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ምንም የተሰበረ ነገር የለም እኮ! ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ተመልሶ ይሠራል፤ ግን ገደል አጠገብ ያለ ሰው እስኪቀዘቅዝ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ለዚህ ብዙ ዘዴ ተሞከረ። ታምቡሩ ሙቀት እንዲችል ወፍራም ተደረገ፣ ነፋስ እንዲያቀዘቅዘውም ከውጭ ጎድን ጎድን ወጣለት። ድሮ አብዛኞቹ መኪኖች የኋላ ጎማ ፍሬን ብቻ ነበራቸው፤ በ1920ዎቹ ግን የአራቱም ጎማ ፍሬን እየተለመደ መጣና ሙቀቱ ለአራት ተከፈለ።

ሸራውም ተቀየረ። ዛሬ መካኒኮች “የፍሬን ሸራ” ይላሉ፤ ድሮ እውነትም ከጥጥ የተሠራ ጨርቅ ነበር! ጥጥ ግን ሲግል ይከስላል። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1908 የማይቃጠል አስቤስቶስ መጠቀም ጀመረ። ሙቀቱን ቻለ፣ ብናኙ ግን ሳንባ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘና ብዙ አገሮች ከለከሉት። የአሮጌ ታምቡር አቧራ በአፍ እፍ የማይባለው ለዚህ ነው።

ሌላው መላ ሙቀቱን ከመጀመሪያው ፍሬኑ ላይ አለመጣል ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ ሹፌሮች ቁልቁለት ላይ ከባዱን ማርሽ አስገብተው ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጉ ነበር። ዛሬም ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ሞተሩ እየጮኸ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ተሳፋሪው “ምነው ዘገመ” ቢልም ሹፌሩ ታምቡሮቹን እያሳረፋቸው ነው።