ነዳጁ የት ይደር?

እንደ እኔ ጎሬ ላይ ነዳጅ ማደያ የሚያስተዳድር ሰው ጠዋት መጀመሪያ የሚያነሣው የመለኪያ ዘንጉን ነው። ዘንጉን ወደ መሬት ውስጥ ታንከሩ ሰድጄ ሳወጣው የናፍጣውን ከፍታ አነብባለሁ፤ ነዳጁ የሚያልፍባቸው ጅቡቲ፣ ጋላፊና አዋሽ እንዴት እንደ ሰነበቱም ከዚያው ይገባኛል። ከፍታው ካነሰ ቀጣዩ ሥራ ቦቴው የት እንደ ደረሰ እየደወሉ መጠየቅ ነው።

ወደብ ሲባል ሰው የሚታየው መርከብ ነው። ለእኛ ሙያ ግን ዋናው ታንከሩ ነው። ጅቡቲ፣ ዶራሌ በሚገኘው ሆራይዘን ተርሚናል መርከቡ ያራገፈው ነዳጅ በቧንቧ ወደ ታንከር ይገባል፤ ውሃው እስኪዘቅጥ ያርፋል፤ ናሙናው ይመረመራል፤ ቦቴ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። መርከብ የሚያመጣው በአሥር ሺዎች ቶን ነው፤ ቦቴ የሚችለው አርባ ሺህ ሊትር ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ታንከሩ ነው።

የድሮ የጎሬ ነጋዴ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ መሬት ተሰጠ፤ ጋምቤላም የኢሉባቦር በር ሆነች። ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ ግን የሚደርሰው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነበር። በበጋ ከደጋው የወረደው ቡና መጋዘን ገብቶ ወንዙን ይጠብቃል፤ በክረምት የገባው ሸቀጥም እስከሚቀጥለው ክረምት ያደርሳል። መጋዘን የሌለው ነጋዴ ባሮ ቢሞላም አይጠቀምም ነበር።

ወደ ነዳጁ ስንመለስ፣ አሰብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የነዳጅ ማጣሪያ በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብን መንገድም ዘጋው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት የማዕቀፍ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ የበረሃውን መንገድ ከቦቴ ጫና ያሳርፈዋል። ነገር ግን ቤንዚንና ናፍጣ በአንድ ቧንቧ በየተራ ሲገፉ መገናኛቸው ላይ ይቀላቀላሉ፤ ድብልቁም ለብቻው የሚቀመጥበት ይፈልጋል። ቧንቧ ሲመጣ ታንከር አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ። አዋሽም ለጎሬ ገና ሩቅ ነው።

ወደ እኛ የሚመጣው ናፍጣ ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ቦቴ ላይ ነው። መርከብ ቢዘገይ ወይም መንገድ ቢዘጋ በጥቅምትና በኅዳር የቡና መፈልፈያው ይቆማል፤ የተለቀመ ቀይ ቡና ደግሞ ቀናት አይታገሥም። በደሌ ወይም መቱ ላይ ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ማጠራቀሚያ ቢኖር ይህ ስጋት ይቀላል። ባለ ማደያ በራሱ አቅም አይሠራውም፤ ዋጋው በመንግሥት የሚተመን ነዳጅ ማከማቸት ገንዘብ ማሰር ነው፤ ቤንዚን ከሆነ ትነቱም አለ። ስለዚህ ወደብና ቧንቧ የሚያቅደው አካል የመጨረሻውን ታንከር ወጪም እዚያው እቅድ ላይ ያስፍረው።