እንጦጦ የማያየው ሰማይ

ከሳሪስም ሆነ ከለቡ ወደ ሰሜን ላየ ሰው፣ ጭጋግ ከሌለ እንጦጦ ይታየዋል። እዚያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ግን የቱንም ያህል ቢሻሻሉ ከሰማይ የሚመጣውን ኤክስሬይ አያዩም፤ የምድር አየር ይውጠዋል። ለጤናችን በጎ ነው፣ ለተመራማሪው ግን ግድግዳ።

ስለዚህ ካሜራውን ከአየር በላይ መስቀል ግድ ነው። የመጀመሪያዋ የኤክስሬይ አስትሮኖሚ ሳተላይት የተወነጨፈችው ደግሞ ከጎረቤታችን ነው፦ ከኬንያ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970። ዕለቱ የኬንያ የነፃነት ቀን ስለነበር ስሟን «ኡሁሩ» አሏት፤ በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት ነው። 339 የኤክስሬይ ምንጮችን መዝግባለች።

ታዲያ ፎቶው እንዴት ይነሳል? ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃ ላይ አግድም ብትወረውሩት ይነጥራል፣ ከላይ ብትለቁት ይሰምጣል። ኤክስሬይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተላከው የቻንድራ መስታወቶች ጎድጓዳ ሳህን ሳይሆኑ አንዱ ሌላው ውስጥ የገባ በርሜል ይመስላሉ፤ ጨረሩ ጎናቸውን ታክኮ እየነጠረ አንድ ቦታ ይሰበሰባል።

ኃይለኛው ጋማ ሬይ ግን ለዚህም እምቢ ይላል። እዚህ ጋ ሰኔ 14 ቀን 2012ን አስታውሱ፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት የሆነችበትን እሁድ። በግርዶሽ ጊዜ በቅጠሎች መሃል የሚያልፍ ብርሃን መሬት ላይ ብዙ ትንንሽ የተገመሱ ፀሐዮችን ይስላል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተላከው ስዊፍትም ከ50 ሺህ በላይ የእርሳስ ጡቦች የተበተኑበት ጣሪያ አለው። ጋማ ሬይ ሲመጣ ጥላው ከሥር ባለው መመዝገቢያ ላይ ያርፋል፤ ኮምፒውተር ከጥላው ተነስቶ ምንጩን ያሰላል።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ ይሆናል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ጥያቄው ይገባኛል። ሳተላይት እንግዛ አላልኩም። የቻንድራ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለማንም በነፃ ይለቀቃል፤ ትልቁን ወጪ ሌላው ከፍሎታል። የሆስፒታል ሲቲ ስካንም ከጨረር ጥላ ምስል የሚያወጣ ስሌት ነው። ይህን ሂሳብ የቻለች የንፋስ ስልክ ላፍቶ ተማሪ ለሰማዩም ለሆስፒታሉም ትሆናለች። የጎደላት ኮምፒውተር፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና የሚያሳያት መምህር ነው። ከቴሌስኮፕ ጋር ሲተያይ ይሄ ርካሽ ነው።