ስለ ግል ዕጩ ተወዳዳሪና ስለ ሶር አገር መሻሻል

ሕዝብ እንደራሴ የሚመርጠው ችግሩን ለመንግሥት የሚያስረዳለት፥ የመንግሥትንም አሳብ ተመልሶ ለእርሱ የሚገልጽለት ታማኝ ሰው ለማግኘት ነው። ለዚህ ሥራ የሚነሣ ሰው በፖለቲካ ፓርቲ ውስጥ ቢሆን ፓርቲው ገንዘብና ሰው እየሰጠ ይደግፈዋል፤ ስሕተት ቢያገኘውም ነቀፋውን ከብዙዎች ጋር ይካፈለዋል። በግሉ የሚቆም ሰው ግን ስንቁ የገዛ ስሙና የገዛ አሳቡ ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚናገረው ነገር አስቀድሞ የተመዘነ፥ ተስፋውም ከዐቅሙ የማያልፍ ሊሆን ይገባዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ አንድ ሰው ብቻውን የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቁ የጥበብ መጀመሪያ ነው።

በግል መወዳደር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በቆመው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ በጀመረ ጊዜ፥ የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ ለ210 ወንበሮች የቀረቡት ሁሉ በግላቸው የቆሙ ነበሩ። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ አምስት ጊዜ እንዲህ ባለ አኳኋን ተመርጧል። ነገር ግን ከፓርቲ ነፃ መሆን ከገዛ ጥቅም ነፃ መሆን አለመሆኑ በዚያው ዘመን ታየ። ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ባለ መሬቶች ነበሩ፤ ስለዚህ የጭሰኛንና የባለ ርስትን ግንኙነት የሚያሻሽለው ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ እየተጓተተ ሳይጸድቅ ቀረ። ኢሉባቦርም ጭሰኛ ከበዛባቸው ጠቅላይ ግዛቶች አንዷ ነበረች። ፓርላማው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሲዘጋ ያ ጥያቄ ሳይመለስ ነበር። እንግዲህ አንድ ዕጩ «እኔ የማንም አይደለሁም» ቢል መልካም ነው፤ ነገር ግን መራጩ «ታዲያ ለማን ትቆማለህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

በቅርቡም ዘመን ቢሆን ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ሰው ከኢሉባቦር ጋር ከምትዋሰነው ከቄለም ተገኝቷል። የደምቢ ዶሎ ተወላጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከዚያም ከገዢው ፓርቲ ጋር በአሳብ ተለያይተው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ አገራቸው በግላቸው ተወዳደሩና አሸንፈው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከዚያ ምርጫ በግሉ ተወዳድሮ የገባ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ለርእሰ ብሔር የሚሰጠውን መኖሪያና መብት እስከ ማጣት ቢያደርሳቸውም ወደ ኋላ አልተመለሱም፤ በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር እስኪያርፉም ድረስ ያመኑበትን ከመናገር አላቋረጡም። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ የአገሩን ሰው የሚያውቅና በአገሩ ሰው የሚታወቅ ሰው ያለ ፓርቲም ቢሆን ሊመረጥ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፥ ብቻ መቆም ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ቍጥሩን መዘንጋት አይገባም። ምክር ቤቱ 547 ወንበሮች ያሉት ሲሆን፥ በግላቸው የገቡት በ1997 ዓ.ም. አንድ፥ በ2002 ዓ.ም. አንድ፥ በ2013 ዓ.ም. አራት ብቻ ነበሩ። በዚህ ቍጥር ሕግ ማውጣትም ሆነ በጀት መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ «ብትመርጡኝ መንገድ እሠራለሁ፥ ሆስፒታል አቆማለሁ» የሚል የግል ዕጩ ወይ የምክር ቤቱን ሥራ አላወቀም፥ ወይም እያወቀ ሕዝቡን ያታልላል። የሕገ መንግሥቱ 54ኛ አንቀጽ ለእንደራሴው የሰጠው ኀይል ሌላ ነው፤ ይኸውም ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዢ መሆኑ ነው። የፓርቲ ሰው ይህን ቃል ከፓርቲው ውሳኔ ጋር ማስታረቅ ይኖርበታል፤ የግል እንደራሴ ግን የሚያስታርቀው ሌላ ጌታ የለውም። ኀይሉም በድምፁ ብዛት ሳይሆን በጥያቄው ነው፤ ሚኒስትሩን ለመጠየቅ፥ ሒሳቡን ለማስመርመር፥ መልሱንም ወደ መራጩ ሕዝብ ለመመለስ አንድ ሰው ይበቃል።

አሁን ይህን ነገር ወደ ሶር አገር አምጥቶ መመልከት ይገባል። ሶር ከመቱ ብዙ ሳይርቅ በጫካ ውስጥ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ውሃው ወደ ጌባ ይገባል፤ ጌባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ያስገኛል። ከዚህ ምድር የሚለቀመው ቡና በ1894 ዓ.ም. ስለ ጋምቤላ ንግድ ጣቢያ ውል ከተደረገ በኋላ በጎሬ በኩል ወደ ባሮ ወርዶ በጀልባ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ የነበረችው ጎሬም የቆንስሎችና የነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። የባሮ መንገድ በተቋረጠ ጊዜ ንግዷ ቀዘቀዘ፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማም የመስተዳድሩ መቀመጫ ወደ መቱ ተዛወረ። ከዚህ እንደሚታየው የአንድ ከተማ ዕድል ከመንገድና ከመስተዳድር ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለ ሁለቱም የሚወሰነው ደግሞ ከከተማው ርቆ ነው። ስለ ሶር አገር የሚያስብ ዕጩ ይህን አስቀድሞ ሊረዳ ይገባዋል።

በሶር ወንዝ ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ዐቅሙ 5 ሜጋ ዋት ነው። ለጊዜው ለአካባቢው ከተሞች ትልቅ ብርሃን ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን ከተማ ሲያድግ፥ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ሲጨመር ያው መጠን እንደማይበቃ የታወቀ ነው። ስለ መብራት ማሻሻል የሚወስነው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፥ ስለ ገጠር መንገድ ክልሉ፥ ስለ ምንጭ ማጐልበትና ስለ መንደር ድልድይ ደግሞ ወረዳውና ቀበሌው ይሠራሉ። ብዙ ዕጩዎች የሚሳሳቱት ይህን ሁሉ በአንድ ቋት ጨምረው ስለሚናገሩ ነው። አስተዋይ ዕጩ ግን አሳቡን በሦስት ይከፍለዋል፤ ሕዝቡ በገዛ ጉልበቱና በዕድሩ የሚሠራውን፥ ከክልሉ የሚጠየቀውን፥ ከፌዴራሉ መንግሥት የሚጠየቀውን ለየብቻ ያስቀምጣል። እንዲህ የሆነ እንደሆነ ሕዝቡ ማንን በምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ሹሙም ባልሠራው ነገር አይነቀፍም፥ በሠራውም ይመሰገናል።

የጥያቄው ጥቅም ይልቁንም በያዮ ነገር ይታያል። በያዮ ምድር ውስጥ የድንጋይ ከሰል አለ፤ በላዩ ደግሞ የቡና ዘር ያለ ሰው እጅ የሚበቅልበት ጫካ አለ። ዩኔስኮ ይህን ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዓለም ከሚጠበቁ የሕይወት ስፍራዎች ጋር መዘገበው። በዚያው አገር ከሰሉን መሠረት አድርጎ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቆም ሥራ ተጀምሮ ብዙ ቢሊዮን ብር ከወጣ በኋላ ሳይፈጸም ቀረ። ገበሬው መሬቱን ለቀቀ፥ ማዳበሪያውን ግን አላገኘም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ እንደራሴ ፋብሪካውን ሊያቆም አይችልም፤ ነገር ግን ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ተነሥቶ «ሥራው ለማን ተሰጠ? በምን ውል? መቼ ያልቃል? ጫካውስ ምን ይሆናል? መሬቱን የለቀቀው ሰው ካሣው ተከፈለውን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱም በአደባባይ ቢነገር፥ ጥፋቱ ሳይበዛ ይታወቅ ነበር። አንድ ጥያቄ በጊዜው ሲጠየቅ ከብዙ ለቅሶ ይሻላል።

ስለ ክልሉ መንግሥት የሆነ እንደሆነም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። የኦሮሚያ ጨፌ 537 ወንበሮች ያሉት ታላቅ ጉባኤ ነው። ወረዳዎች ከክልሉ በጥቅል በጀት ይቀበላሉ፤ ከዚያው ውስጥ አብዛኛው ለሠራተኛ ደመወዝ ስለሚወጣ ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሕገ መንግሥቱ 50ኛ አንቀጽ ሕዝቡ በቀጥታ ይካፈል ዘንድ ለዝቅተኛው የመንግሥት እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ሥልጣን ያለ ገንዘብ ግን ባዶ ማሰሮ ነው። ስለዚህ ለጨፌ በግሉ የሚወዳደር ሰው ከሁሉ በፊት የሚያነሣው አሳብ ይህ ቢሆን ይገባል፤ የወረዳው በጀት ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ለምን ለምን እንደ ዋለ፥ በገበያ ቀን ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ በአደባባይ ይለጠፍ። ይህን ለማድረግ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፈቃድ ነው። ደግሞም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከወሎና ከትግራይ ወደ ኢሉባቦር የመጡት ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ከነባሩ ሕዝብ ጋር አንድ ገበያ እየወጡ፥ ከአንድ ምንጭ እየቀዱ ይኖራሉና፥ ለአንዱ ወገን ብቻ የሚናገር ዕጩ የሶር አገር እንደራሴ ሊባል አይገባውም።

የዕጩው ግዴታ ይህ ከሆነ፥ የሹማምንቱም ግዴታ ቀላል አይደለም። በግሉ የሚወዳደር ሰው ተቃዋሚ ነው ተብሎ አዳራሽ ሊከለከል፥ የድጋፍ ፊርማ የሰጡት ሰዎችም በክፉ ዓይን ሊታዩ አይገባም። ሕግ የፈቀደለትን ሰው ሹም ቢከለክለው፥ የከለከለው ሰውዬውን ሳይሆን ሕጉን ነው። በጠያቂ ፊት የሚሠራ ሹም ሥራው ይጠራል፤ ጠያቂ የሌለው ግን ስሕተቱን የሚያውቀው ከሹመቱ ከወረደ በኋላ ነው።

የካህናቱ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። የሕገ መንግሥቱ 11ኛ አንቀጽ ሃይማኖትንና መንግሥትን ስለ ለያየ፥ በዐውደ ምሕረት ላይ «እገሌን ምረጡ» ማለት አይገባም። ነገር ግን ድምፅን በገንዘብ መሸጥ ነውር መሆኑን፥ በሐሰት መመስከር ኀጢአት መሆኑን፥ በአሳብ የተለየ ጎረቤት ጠላት አለመሆኑን ማስተማር ሁልጊዜ የካህን ሥራ ነው። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ለጠላት አልገብርም ብለው በዚያው በጎሬ ተገደሉ። ያ ዘመን የጦርነት ዘመን ነበር፥ ይህ ደግሞ የምርጫ ነው፤ ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን ለኅሊናው መቆም እንደሚችል የሶር አገር ሰው ከሩቅ መጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

በመጨረሻም መራጩ ሕዝብ የራሱን ድርሻ ማወቅ ይገባዋል። እንደራሴ ከተመረጠ በኋላ አዲስ አበባ ተቀምጦ አምስት ዓመት ሳይታይ ቢቀር ሕገ መንግሥቱ መራጩ አመኔታውን ያጣበትን ተወካይ እንዲያነሣ መብት ሰጥቶታል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ዕጩው በዓመት ስንት ጊዜ ተመልሶ ሒሳቡን እንደሚናገር ገና ሳይመረጥ ቃሉን መቀበል ይሻላል። ቡና ለቃሚ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል፤ ያልበሰለ የቀላቀለ እንደሆነ ዋጋው እንደሚወርድ ያውቃልና። የመቱ፥ የጎሬ፥ የያዮና የቡሬ ሰው ይህን ዓይኑን ወደ ምርጫ ሣጥን ይዞ ቢሄድ፥ የሚመረጠው የፓርቲም ሰው ይሁን የግል፥ አገሩ የሚጠቀምበት እንደራሴ ያገኛል።