የአውሮፕላኖችን ዲጂታል መልእክት ከጣሪያ ላይ መቀበል

በአዲስ አበባ ሰማይ የሚያልፍ አውሮፕላን ለዓይን የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ያውም ደመና ከሌለ ነው። በሬዲዮ ሞገድ ግን ማንነቱን፣ ከፍታውን፣ ፍጥነቱንና የሚገኝበትን ስፍራ ያለማቋረጥ ይናገራል። ንግግሩ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ አይደለም። በ1090 ሜጋ ኸርዝ ድግግሞሽ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል፤ ተገቢ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ይህ ሥርዓት ኤዲኤስ-ቢ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ መልእክቱን በአንዲት አነስተኛ መሣሪያ፣ በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌርና በእጃችን በሠራነው አንቴና እንዴት እንደተቀበልነው፣ በመንገዱም የት እንደተሳሳትን እናስረዳለን።

ወደዚህ ሥራ የገፋን የአቪዬሽን ፍቅር አይደለም። የሬዲዮ ሞገዶችን ስፔክትረም የሚያሳይ የላቦራቶሪ መሣሪያ እጅግ ውድ በመሆኑ፣ ተማሪዎቻችን ስለ ፉሪየር ትንተና በሰሌዳ ላይ ተምረው፣ አንድም እውነተኛ ሞገድ በዓይናቸው ሳያዩ የሚመረቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነን ቆይቷል።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ዲጂታል ቴሌቪዥንን በኮምፒውተር ለመመልከት የተሠራች፣ ፍላሽ የምታክል መሣሪያ አለች። በውስጧ ያለው አርቲኤል2832ዩ የተባለ ቺፕ የሬዲዮውን ሞገድ ሳይተረጉም፣ ጥሬ ናሙናውን እንዳለ ለኮምፒውተሩ ማቀበል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2012 ታወቀ። ከዚያ በኋላ በቀድሞው ዘመን በጥቅልሎች፣ በኮንደንሰሮችና በማጣሪያዎች ይሠራ የነበረው ሥራ በአብዛኛው ወደ ሒሳብ ተለወጠ። ሒሳቡን የሚሠራው ደግሞ ሶፍትዌሩ ነው። መሣሪያዋ እያንዳንዱን ናሙና የምትለካው በ8 ቢት፣ ማለትም በ256 ደረጃዎች ብቻ ነው። ለትክክለኛ ልኬት ይህ ደካማ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ይበቃል።

የሚበቃበትን ምክንያት ለመረዳት የመልእክቱን አሠራር እንመልከት። አንዱ መልእክት 112 ቢቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ቢት አንድ ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። በመጀመሪያ የ8 ማይክሮ ሰከንድ ማንቂያ ስለሚቀድመው ሁሉም በ120 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። የኃይሉ ምት በቢቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ከመጣ ቢቱ አንድ ነው፤ በሁለተኛው አጋማሽ ከመጣ ዜሮ ነው። እንግዲህ መቀበያው መወሰን ያለበት ከሁለቱ አጋማሾች የትኛው እንደሚበረታ ብቻ ነው። በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ናሙና ከወሰድን ለእያንዳንዱ ቢት ሁለት ናሙና ይደርሰዋል። ከ112ቱ ቢቶች 24ቱ የአውሮፕላኑ መለያ ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ 24 ደግሞ ስሕተት መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ያገለግላሉ። መለያው በአሥራ ስድስታዊ አሃዝ ሲጻፍ በ040 የሚጀምር ከሆነ አውሮፕላኑ በኢትዮጵያ የተመዘገበ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ሲያዩ ያሰሙትን ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህር መጥተው ጠይቀውናል።

ሶፍትዌሩን ማዘጋጀት ከሚታሰበው ያነሰ ድካም አለው። በሊኑክስ ላይ አንድ መሰናክል አለ፦ ኮምፒውተሩ መሣሪያዋን እንደ ቴሌቪዥን መቀበያ ስለሚያውቃት ወዲያው ይይዛታል፤ ስለዚህ የቴሌቪዥኑን ድራይቨር አስቀድሞ ማገድ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ ዛዲግ በተባለው ፕሮግራም ድራይቨሩን መተካት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የጻፈውን ደምፕ1090 ወይም ከእርሱ ከተወለዱት ፕሮግራሞች አንዱን መጫን ነው። ፕሮግራሙ የሰማቸውን አውሮፕላኖች በሠንጠረዥ ይደረድራል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ማጉያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ነው። በከተማ ውስጥ የሞባይል ማሰራጫዎች ኃይል መሣሪያዋን ስለሚያደነቁራት፣ ማጉያውን ጥቂት ዝቅ ስናደርገው የመልእክቱ ቁጥር ሊጨምር ይችላል።

ወደ አንቴናው እንምጣ። የብርሃንን ፍጥነት ለ1090 ሜጋ ኸርዝ ስናካፍል የሞገዱ ርዝመት 27.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሩቡ 6.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሽቦው ጫፍ በሚያስከትለው ተጽእኖ ምክንያት ግን እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማሳጠር ይገባል። ለቤት መብራት መስመር የሚዘረጋው 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ለዚህ ጥሩ ነው። አንዱን ቁራጭ ቀጥ አድርገን ከኬብሉ ውስጠኛ ሽቦ ጋር እንበይዳለን፤ ሌሎች አራት ቁራጮችን ከውጪው መረብ ጋር አገናኝተን ወደ ታች 45 ዲግሪ እናጎነብሳቸዋለን። መጎንበሳቸው ለጌጥ አይደለም። አግድም ቢሆኑ የአንቴናው ኢምፒዳንስ 37 ኦም አካባቢ ይሆን ነበር፤ ሲጎነበሱ ወደ 50 ኦም ይጠጋል።

ስለ ኬብል ብዙ ክርክር ሰምተናል። መሣሪያዋ የተሠራችው ለ75 ኦም ይሁን ለ50 ኦም፣ በሁለቱ መካከል ያለው አለመጣጣም የሚመልሰው ኃይል 4 በመቶ ብቻ ነው። የኬብሉ ብክነት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በዚህ ድግግሞሽ ቀጭኑ የላቦራቶሪ ኬብል በአሥር ሜትር ውስጥ 6 ዲሲቤል ገደማ ያባክናል፤ ወደ መሣሪያዋ የሚደርሰው የኃይሉ ሩብ ነው ማለት ነው። በየሰፈሩ ለዲሽ የሚሸጠው ኬብል ግን 2 ዲሲቤል ያህል ብቻ ያባክናል። ርካሹ የሚሻልበት አጋጣሚ ብርቅ ነውና ተጠቀምንበት።

የተሳሳትነው በሁለተኛው አንቴና ላይ ነው። ከኮአክሲያል ኬብል የተቆረጡ ስምንት ግማሽ ሞገዶችን፣ የአንዱን ውስጠኛ ሽቦ ከሚቀጥለው ውጪኛ መረብ ጋር እያቀያየሩ በማያያዝ ከአንዱ ሽቦ የሚበልጥ አንቴና መሥራት ይቻላል። ሞገድ በኬብል ውስጥ ከአየር ይልቅ በዝግታ ስለሚጓዝ የቁራጩ ርዝመት በፍጥነቱ ምጣኔ መባዛት አለበት። ከመጽሐፍ ያገኘነው ምጣኔ 0.66 ስለነበር እያንዳንዱን ቁራጭ 9.1 ሴንቲ ሜትር አድርገን ቆረጥን። ሁለት ቀን ብየዳ ላይ ካሳለፍን በኋላ አዲሱ አንቴና ከ6.5 ሴንቲ ሜትሯ ሽቦ ያነሰ ሰማ። አንዳንዶቻችን ብየዳውን ጠረጠርን፤ እንደገና በየድነው፤ ለውጥ አልመጣም።

ጥፋቱ ከቁጥሩ ነበር። 0.66 ውስጡ ጠጣር ፕላስቲክ ለሆነ ኬብል የሚሠራ ሲሆን፣ የዲሽ ኬብል ግን ውስጡ አረፋ መሰል ነው። ከመገመት ይልቅ ለካነው። 20 ሜትር ኬብል ጫፉን ክፍት ትተን አጭር ምት ላክንበት፤ ተመልሶ እስኪመጣም በአሮጌው ኦሲሎስኮፕ 161 ናኖ ሰከንድ ያህል ቆጠርን። በደርሶ መልስ 40 ሜትር መሆኑ ነው፤ ምጣኔው 0.83 ሆነ። ስለዚህ ትክክለኛው ርዝመት 11.4 ሴንቲ ሜትር ነበር። በ9.1 ስንቆርጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሚገባው ፌዝ በ36 ዲግሪ ስቷል፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ስሕተቱ 252 ዲግሪ ሆኖ አንዱ የሌላውን ያጠፋ ነበር። በአዲሱ ልክ ቆርጠን ሠራነው፤ አሁን የተሻለ የሚሰማው እርሱ ነው።

ምን ያህል ርቀት ይሰማል? በባሕር ወለል ልክ 11,000 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ከአራት ኪሎ ጣሪያ ሲታይ 8,600 ሜትር ያህል ከበላያችን ነው። የሬዲዮ አድማስ በኪሎ ሜትር የከፍታው ስኩዌር ሩት በ4.12 ሲባዛ ስለሆነ 382 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። በምሥራቅ በኩል የስምጥ ሸለቆው መሬት ዝቅ ስለሚል በድሬዳዋ ሰማይ ላይ ያለ አውሮፕላን በዚህ ወሰን ውስጥ ይገባል። በሰሜን ግን እንጦጦ አለ። ከጣሪያችን የተራራውን ጫፍ በፕሮትራክተርና በክር ስንለካው 6 ዲግሪ ገደማ ሆነ፤ ስለዚህ ያው አውሮፕላን ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ከተራራው ጀርባ ይሰወራል። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ላሊበላ በዝቅታ የሚበሩት ከዚያም ቀድመው ይጠፋሉ። የአንድ ሳምንት መልእክት በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ስናኖር የእንጦጦ ጥላ በግልጽ ወጣ፤ ማንም ሳይሥለው የተሣለ የተራራ ምስል።

ሁለት ጉዳዮች ሳይነገሩ መታለፍ የለባቸውም። አንደኛው፣ መልእክቱ የላኪውን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ ምንም ፊርማ የለውም። የ24ቱ ቢት ማረጋገጫ የሚይዘው የመንገድ ላይ ስሕተትን እንጂ ውሸትን አይደለም። ስለሆነም መቀበል እንጂ በዚህ ድግግሞሽ ማሰራጨት ለሙከራም ቢሆን የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ወንጀል ነው። የመቀበያ መሣሪያም ቢሆን ከመግዛትና ከመትከል በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው መብረቅ ነው። የክረምቱ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ኬብሉን ከኮምፒውተሩ እንነቅላለን፤ አንቴናውም ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ካልተተከለ ባይተከል ይሻላል።

የካርታችን ሰሜናዊ ክፍል ዛሬም ባዶ ነው። ከእንጦጦ ባሻገር፣ ሱሉልታ አካባቢ የሚኖር አንድ ተማሪያችን ሌላ አንቴና በቤቱ ጣሪያ ላይ ለመትከል ተስማምቷል። ኬብሉን ቆርጠናል፤ በዚህ ጊዜ ርዝመቱን ሦስት ሰዎች ለክተውታል።