ሪቻርድ ሮጀርስ፦ ዜማን ለታሪክ ያስገዛ ደራሲ

የእንግሊዝ እግር ኳስ የሚከታተል ሰው የሊቨርፑል ደጋፊዎች ከጨዋታ በፊት በአንድ ድምፅ የሚዘምሩትን «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን» ሳይሰማ አይቀርም። መዝሙሩ ግን ለኳስ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1945 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመድረክ በበቃው «ካሩሰል» በተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ባሏ የሞተባት ወጣት የምትጽናናበት ዘፈን ነው። የዜማው ደራሲ ሪቻርድ ሮጀርስ ይባላል።

ሮጀርስ በ1902 ከሐኪም አባት ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደ። የሥራ ዘመኑ በይበልጥ ከሁለት ገጣሚዎች ጋር የተያያዘ ነው። «ብሉ ሙን»ን ከመሳሰሉ ሥራዎች ጀርባ ካለው ከሎሬንዝ ሃርት ጋር ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ይቀድማል፣ ግጥሙ ይከተላል። ከኦስካር ሃመርስታይን ጋር ሲጣመር ነገሩ ተገለበጠ፤ ገጣሚው ስንኙን ጨርሶ ያመጣል፣ ሮጀርስ ዜማ ያለብሰዋል። በዚህ አሠራር ዘፈኑ የሚነሣው ከገጸ ባሕርይው ስሜትና ከታሪኩ ሆነ።

የሁለቱ የመጀመሪያ ሥራ «ኦክላሆማ!» በ1943 ሲከፈት ተመልካቹ የለመደው የብዙ ዳንሰኞች ትርኢት አልጠበቀውም። መድረኩ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ቅቤ ትንጣለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ የአንድ ካውቦይ ዘፈን ይሰማል። ይህ ተውኔት በብሮድዌይ 2,212 ጊዜ ታይቷል።

የሮጀርስን ብልሃት በቅርብ ለማየት ግን «ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» የተሰኘው የሁለቱ ሙዚቃዊ ተውኔት ይበቃል። ሞግዚቷ ማሪያ ለምትጠብቃቸው ልጆች ዶ፣ ሬ፣ ሚን ስታስተምር እያንዳንዱ ስንኝ የሚጀምረው በዚያው በተጠራው ድምፅ ነው። ስንኙ በተቀየረ ቁጥር ዜማው አንድ እርከን ወደ ላይ ይወጣል። ልጆቹ ትምህርቱን የሚቀበሉት እየዘፈኑ ነው፤ ዘፈን ካልነበረበት ቤት ዘፈን ሲገባ ታሪኩም ወደ ፊት ይራመዳል።

ለፊልምም በቀጥታ ጽፏል። ከሃመርስታይን ጋር ለ«ስቴት ፌር» ፊልም ከሠሯቸው ዘፈኖች አንዱ የኦስካር ሽልማት አሸንፏል። ሃመርስታይን በ1960 ካረፈ በኋላ፣ በ1965 ለወጣው የ«ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» ፊልም የተጨመሩትን ሁለት ዘፈኖች ግጥምም ዜማም ሮጀርስ ራሱ ጻፈ። በ1974 በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ ወጥቶለት እንደ አዲስ መናገር ሲማር እንኳ ዜማ መድረሱን አላቋረጠም። የመጨረሻ ተውኔቱ ለመድረክ የበቃው ባረፈበት ዓመት፣ በ1979 ነው።

የ«ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ»ን ፊልም ደግማችሁ ስታዩ እያንዳንዱ ዘፈን ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በገጸ ባሕርያቱ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ልብ በሉ። የሮጀርስ ትልቅነት ያለው እዚያ ላይ ነው።